ድርብ ዳፎዲል ስንት ይረዝማል? በስንት ጊዜስ ይደርሳል?

ቨርጂኒያ ውስጥ ማርች ሲጋመስ፣ በእኛ መጋቢት እንደገባ፣ ከሬገን ኤርፖርት ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው የፖቶማክ ዳር መንገድ ቢጫ ይለብሳል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አበባው ዳፎዲል ይባላል። መንገዱ ዳር ያለው የሌዲ በርድ ጆንሰን ፓርክ ብቻውን አንድ ሚሊዮን ገደማ ተተክሎበታል። ከአደይ ጋር ላደገ ሰው ያ ሁሉ ቢጫ ባንዴ ሲፈነዳ ማየት ሆድ ያባባል። አደይ ሲመጣ ዝናቡ ሊያበቃ ነው። ዳፎዲል ሲመጣ ብርዱ ሊያበቃ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ድርቡ ነው። የተለመደው ዳፎዲል ስድስት የአበባ ቅጠል አለው። መሃሉ ላይ እንደ ጥሩምባ የወጣ ነገር ይታያል። ድርቡ ላይ ያ ጥሩምባ በቅርጹ የለም። በምትኩ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ፣ እንደ ጽጌረዳ ታጭቆ ይፈነዳል። ደጃፌ ላይ ያዩት ሰዎች ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። ስንት ይረዝማል? ለመድረስስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ያለው ከአፈር በታች ነው። እኔም ይህን በደንብ የተረዳሁት አንድ ጸደይ ከሞላ ጎደል ያለ አበባ ከቀረሁ በኋላ ነው።

ከቁመቱ ልጀምር። አብዛኛው ድርብ ዳፎዲል ሲያብብ ከ35 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይሆናል። ጉልበት አይደርስም። እኔ ደረጃው ሥር የተከልኩት ታሂቲ የሚባለው ነው። ቢጫ ሆኖ በቅጠሎቹ መሃል ብርቱካናማ ቀይ ጣል ጣል ያለበት። 45 ሳንቲሜትር ድረስ ይሄዳል። አበባው ብቻውን ወደ 10 ሳንቲሜትር ይሰፋል። በቡና ሲኒ አፍ ላይ ቢደፉት ሲኒው አይታይም። ጎልደን ደካት የሚባለው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው፤ ቁመቱም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ቺርፉልነስ ደግሞ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ትንንሽ ነጫጭ አበባ ያወጣል። ሽታው ሳሎን ይሞላል። ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ድንክም አለ። ሪፕ ቫን ዊንክል ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የአበባ ቅጠሎቹ ቀጫጭንና ሹል ናቸው፤ ልጅ የሣላት ፀሐይ ይመስላል። በረንዳ ላይ በማሰሮ ለሚተክል ሰው እሱ ይሻላል፤ ነፋስ አይጥለውም።

ስፋቱስ? አንድ ተክል ለብቻው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቦታ ይበቃዋል። አንድ ጫማ በአንድ ጫማ መሬት ላይ ስድስት ሰባት ያህል ሊተከል ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባሕር ዛፍ ወይም ቡና ስንተክል ዘንድሮ ይህን ያህል፣ ከርሞ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ዳፎዲል እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ ኮረት ከተከላችሁ በመጀመሪያው ጸደይ ሙሉ ቁመቱን ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ይጠፋል። በሚቀጥለው ዓመት ከዜሮ ይጀምራል። በአሥረኛው ዓመትም ቁመቱ ያው 45 ሳንቲሜትር ነው። በዓመታት ውስጥ የሚያድገው ቁመቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ እያለ ቤተሰብ ይመሠርታል።

ኮረት ያልኩት ያንን ሽንኩርት የሚመስለውን ራስ ነው። አንድ ቀን ስቆፍር በመቆፈሪያዋ ጫፍ አንዱን ሰነጠቅኩት። ለማዘን አዘንኩ። ከተበላሸ አይቀር ብዬ ግን ወጥ ቤት ወስጄ በቢላ ለሁለት ከፈልኩት። ውጪው እንደ ወረቀት የሚላጥ ቡናማ ልጣጭ ነው። ቀጥሎ ነጭና ወፍራም ንብርብር ይመጣል፤ ልክ እንደ ቀይ ሽንኩርት። ያ ነጩ ስንቁ ነው። ከሥሩ ጠንካራ ጠፍጣፋ መቀመጫ አለ፤ ሥር የሚወጣው ከዚያ ነው። መሃሉ ላይ፣ በቅጠሎቹ ጫፎች ተጠቅልላ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነገር ነበረች። በመርፌ ገለጥ አደረግኳት። አበባ ናት። ኦክቶበር ነው ያለነው። ልታብብ ገና አምስት ወር ይቀራታል። ግን ተሠርታ አልቃለች።

ይህ ለዳፎዲል ዕድገት ትልቁ ቁልፍ ነው። ጸደይ ላይ የምታዩት አበባ ያኔ የሚሠራ አይደለም። ከሜይ ጀምሮ ባሉት የሙቀት ወራት፣ ኮረቱ አፈር ውስጥ እያለ፣ ለከርሞ የሚሆነውን አበባ በሆዱ ይሠራል። ኦገስት አካባቢ ሥራው ተጠናቋል። ሱቅ ሄዳችሁ ሴፕቴምበር ላይ የምትገዙት ኮረት እንግዲህ አበባውን ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ዓመት ማንንም የማያሳፍረው። አበባውን ያሳደገው ሆላንድ ወይም ሌላ ቦታ ያለ ገበሬ ነው። እኛ የምናደርገው መቅበር ብቻ ነው።

የቀረው መርዘም ነው። ለመርዘም ደግሞ ብርድ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ብርዱን ችሎ የሚያልፍ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ያለ ብርድ አይሆንለትም። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ባለ አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። ብርዱ ዘንጉን ለመርዘም ያዘጋጀዋል። በቂ ብርድ ያላገኘ ኮረት 45 ሳንቲሜትር የተባለው ዓይነት ቢሆንም እንኳ ባጭሩ ይቀራል። አንዳንዴ አበባው ከቅጠሉ መሃል ሳይወጣ እዚያው ይደርቃል። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ቁመት ብርዱን ላገኘ ተክል ነው። ጥላ ውስጥ የተተከለው ደግሞ በተቃራኒው ፀሐይ ፍለጋ ከልኩ በላይ ይመዛል፤ ከዚያ ይወድቃል። ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ጊዜውን በወር በወር ልንገራችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ መትከያው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። ጥልቀቱ 15 ሳንቲሜትር፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ። በተተከለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነጫጭ ሥር ይለቃል። ከላይ ግን ምንም አይታይም። የሚተክለው ሰው የሚጨነቀው በዚህ ጊዜ ነው። ቆፍራችሁ አትዩት። ጃንዋሪ መጨረሻ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ እንደ አረንጓዴ ምላስ ጫፉ ብቅ ይላል። በረዶ ቢወርድበትም አትደንግጡ፤ ያንን ይችለዋል። ሲቀዘቅዝ ይቆማል፣ ሞቅ ሲል ይቀጥላል። ማርች ላይ ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን በተከታታይ ከመጣ ጠዋት ያያችሁት ማታ ላይ ረዝሞ ታገኙታላችሁ።

የሚከፈትበት ሰዓት በጣም ደስ ይላል። እንቡጡ መጀመሪያ እንደ ቀስት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ከዚያ አንገቱን ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሰብራል። አንገቱን ከሰበረ ሊፈነዳ ነው። የሸፈነችው ስስ ወረቀት መሰል ልባስ ትሰነጠቃለች። ነጠላው ዳፎዲል ቶሎ ይከፈታል። ድርቡ ይዘገያል። መጀመሪያ አረንጓዴ የቀላቀለ እጥፋት ይታያል። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ይዘረጋል፤ ቀለሙም እየጠራ ይሄዳል። ታሂቲ አፕሪል መግቢያ ላይ ይደርስልኛል። ቺርፉልነስ አፕሪል ሲጋመስ ነው። ስንደምረው ከተከላ እስከ አበባ አምስት ስድስት ወር ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ካለ አበባው ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ድንገት ሙቀት ከመጣ ሳምንትም ላይሞላው ይችላል።

አሁን ወደዚያ አበባ ወዳጣሁበት ዓመት ልመለስ። 25 ታሂቲ ነበር የተከልኩት። የመጀመሪያው ጸደይ ጎረቤቱ ሁሉ እየቆመ ፎቶ ያነሳው ነበር። አበባው አለፈ፤ ረጃጅሙ ቅጠል ቀረ። ሜይ መግቢያ ላይ ሣር የሚያጭዱት ሰዎች መጡ። ከሥራ ስመለስ ቅጠሉ ከሣሩ ጋር ተላጭቷል። ያኔ ብዙም አልከፋኝም። አበባው አልፏል፣ ቅጠሉ ምን ያደርግልኛል አልኩ። በሚቀጥለው ማርች ቅጠሉ እንደ ልማዱ ወጣ። ጠበቅኩ። አፕሪል መጣ። ከ25ቱ ያበቡት አራት ብቻ ሆኑ። ሌላው ሁሉ ቅጠል ብቻ።

ያ ቅጠል ለካ የከርሞው አበባ ጓዳ ነበር። ዳፎዲል ሲያብብ ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ ይጨርሳል። አበባው እንደረገፈ ቅጠሉ ፀሐይ እየሞቀ ስንቁን መልሶ ወደ ኮረቱ ይልካል። ለዚህ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል። በዚሁ ጊዜ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ኮረቱ ውስጥ አዲሱ አበባ መሠራት ይጀምራል። ቅጠሉ ከተቆረጠ ስንቅ የለም። ስንቅ ከሌለ ኮረቱ ይከሳል። የከሳ ኮረት ቅጠል ያወጣል እንጂ አበባ አይችልም። አንዳንድ ሰው ቅጠሉ ሲዝረከረክ ደስ አይለውም፤ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ወይም በላስቲክ አስሮ ያስቀምጠዋል። እሱም ጉዳት ነው። የታሰረ ቅጠል ፀሐዩን በደንብ አያገኝም። መቁረጥ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጠወለገውን አበባ ራሱን። ዘንጉም አረንጓዴ ስለሆነ ይሠራል፤ ተዉት።

የኔዎቹ ለማገገም ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። አሁን ዙሪያውን እንጨት ተክዬ ገመድ አስሬበታለሁ።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም ዳፎዲል ይሠራል። ድርቡ ላይ ግን ይብሳል። ምክንያቱን ለማወቅ ድርብነቱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። አበባ ሲሠራ በየቦታው ምን መውጣት እንዳለበት የሚወስን የዘር ትእዛዝ አለ። እዚህ ቅጠል፣ እዚያ ወንዴ፣ መሃል ላይ ሴቴ እያለ። ድርብ አበባ ላይ ያ ትእዛዝ ተዛብቷል። ወንዴው መውጣት በነበረበት ቦታ የአበባ ቅጠል ይወጣል። ጥሩምባውም ተሰነጣጥቆ ቅጠል ይሆናል። ውበቱ የመጣው ከዚህ ነው። ዋጋም አለው። ብዙ የአበባ ቅጠል ብዙ ስንቅና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። የአበባው ክብደትም ይጨምራል። ዝናብ ሲመታው ውሃ ይቋጥርና አንገቱ መሬት ይነካል። ከዝናብ በኋላ ወጥቼ አንድ በአንድ እያራገፍኩ ቀና የማደርግበት ጊዜ አለ። ከነፋስ በግንብ ወይም በአጥር የተከለለ ቦታ ብትመርጡለት ይሻላል።

ሌላው ዋጋ እንቡጡ ሳይፈነዳ መድረቁ ነው። ዘንጉ ይወጣል፣ እንቡጡ ይታያል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ይደርቃል። ብትከፍቱት ውስጡ ባዶ ወይም የደረቀ ነው። ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ እንቡጡ ሊሞላ ሲል የመጣ ድንገተኛ ሙቀት ወይም የውሃ እጥረት ነው። ዘግይተው የሚያብቡ ድርቦች ይህ ያጠቃቸዋል፤ የሚደርሱት ሙቀቱ ሲገባ ነውና። እኔ ማርችና አፕሪል ላይ ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጣለሁ። ሜይና ጁን ላይ ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ማጠጣቱን አቆማለሁ።

ድርብነቱ ሌላም ነገር አስከትሏል። ወንዴው የአበባ ቅጠል ስለሆነ አብዛኛው ድርብ ዳፎዲል ዘር አይሰጥም። የሚባዛው በኮረቱ ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት እንደሚያደርገው እናቲቱ ኮረት ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። ልጆቹ ከእናታቸው ምንም የማይለዩ የራሷ ቁራጮች ናቸው። እንግዲህ እኔ ደጃፍ ያለው ታሂቲ፣ ለንደን ያለው ታሂቲ፣ ሲያትል ያለው ታሂቲ፣ ሁሉም የአንድ ተክል አካል ነው። ያ አንድ ተክል አየርላንድ ዋተርፎርድ ውስጥ ሊዮኔል ሪቻርድሰን በሚባል አዳቃይ እጅ የበቀለ ነው። ለዓለም የወጣው በ1950ዎቹ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚያም የቆየ አለ። ቫን ሲዮን የሚባለው ድርብ ዳፎዲል ስሙን ያገኘው ለንደን ይኖር ከነበረ ቪንሰንት ሲዮን ከሚባል የፍላንደርስ ተወላጅ ነው። ለዓመታት ተንከባክቦ በ1620 አበባውን አየ። ያው ተክል፣ ከእናት ወደ ልጅ ኮረት እየተላለፈ፣ እስከዛሬ አለ። ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ቤቱ ከፈረሰ፣ ሰዎቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ባለፈው ቦታ ላይ በጸደይ ብቅ ይላል። አበባውን ያየ ሰው እዚህ ቤት ነበር፣ በሩም እዚህ ጋ ነበር ብሎ መገመት ይችላል።

ብዛቱ በምን ፍጥነት ይጨምራል? በዝግታ ነው። ከእናቷ ጎን የወጣች ትንሽ ኮረት ራሷን ችላ ለማበብ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያስፈልጋታል። እስከዚያ ሣር የሚመስል አንድ ሁለት ቀጭን ቅጠል ብቻ ታወጣለች። በሦስት በአራት ዓመት አንድ ኮረት በተከላችሁበት ቦታ ጥቂት ዘንግ ያለው እቅፍ ታገኛላችሁ። ጨዋታው የሚያምረው ያኔ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ሲሆን ደግሞ ይጨናነቃሉ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይላል፣ አበባው እያነሰ ይሄዳል። ጁን ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ቆፍራችሁ አውጡ፤ ራሱ የሚለያየውን ለያዩና ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። በግድ አትገንጥሉ። ለጓደኛ የምትሰጡትም ያኔ ታገኛላችሁ። እኔ ሁለት ቤት አስተክያለሁ።

ከዘር ማብቀል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ዘር የሚሰጠው በአብዛኛው ነጠላው ነው። ከዘር እስከ አበባ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈጃል። አበባው ምን እንደሚመስልም አስቀድሞ አይታወቅም። አዳዲስ ዓይነት የሚፈጥሩት አዳቃዮች ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ድርብ ግን ሳይዳቀል በአጋጣሚ ነው የተገኘው። ነጠላ ዳፎዲል በተተከለበት ማሳ ላይ አንዷ ኮረት ድንገት ድርብ ሆና ትወጣለች። ጎልደን ደካት ኪንግ አልፍሬድ ከሚባለው ነጠላ ቢጫ የወጣው እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለ ኦክቶበር ላይ ኮረቱን በመረብ ከረጢት ገዝቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥራ ስገባ ከረጢቱ ተከፍቷል። ሁለት ራስ ታጥቦ መክተፊያው ላይ ቁጭ ብሏል።

“እማዬ፣ ቆይ! እንዳትከትፊው!”

“ምነው ልጄ፣ ሽንኩርት አይደል እንዴ?” አለችኝ ቢላዋን እንደያዘች።

ልቤ ቀጥ አለ። መርዝ ነው። ላይኮሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ከባድ ማስታወክና የሆድ ሕመም ያመጣል። መቀቀሉ አያድነውም። በ2009 እንግሊዝ ሰፎክ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆች ሾርባ ሲሠሩ አንድ የዳፎዲል ኮረት ከሽንኩርት ጋር ተቀላቅሎ ልጆቹ ታመዋል። በ2015 የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ሱፐርማርኬቶች ዳፎዲልን ከአትክልትና ፍራፍሬ እንዲያርቁ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ያልፈነዳው እንቡጥም የቻይና ሽንኩርት ቅጠል ይመስላል። ቤታችን ሽንኩርት በብዛት የሚከተፍበት ቤት ነው። ስለዚህ ኮረቱን ወጥ ቤትም ፍሪጅም አታስገቡ፤ የግድ ከሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሰው ከበላው አሜሪካ ውስጥ የመርዝ እርዳታ መስመር 1-800-222-1222 ነው። ለአትክልተኛው ግን ይኸው መርዝ ጥቅም አለው፤ አጋዘንም ስኩዊረልም አይነካውም። ቱሊፕ ተክሎ ያስበላ ሰው ይህን ያደንቃል።

ያው እናቴ ስትመለስ “ለግቢያችን ጥቂት ልውሰድ?” አለችኝ። ብዙ ሰው ይህን ያስባል። አዲስ አበባ ግን ይከብደዋል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐዩ አፈሩን ያሞቀዋል። ሦስት ወር ያልተቋረጠ ብርድ የለም። ደግሞም የዳፎዲል ዘመዶች የመጡት በአብዛኛው ከስፔን፣ ከፖርቱጋልና ከሰሜን አፍሪካ ነው፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ከሆነበት አገር። በዚያ ጊዜ ኮረቱ ተኝቶ ማረፍ ይወዳል። እኛ ጋ ደግሞ ዶፍ የሚወርደው ያኔ ነው። እርጥብ አፈር ውስጥ የተኛ ኮረት ይበሰብሳል። በዚያ ላይ ተክል ከአገር አገር ለማሻገር የጤና ፈቃድ ያስፈልጋል። እናቴ በመጨረሻ የወሰደችው ፎቶውን ነው።

ውጪ ያለነው ግን እንደየከተማችን መምረጥ እንችላለን። ለንደን፣ ሲያትልና ስቶክሆልም ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጸደዩ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ የዘገየውም ይፈነዳል። ዋሽንግተን አካባቢ ታሂቲን የመሰለ ቀደም የሚል ይሻላል። ቺርፉልነስን ከወደዳችሁት ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ስጡት። ሂዩስተንና ሎስ አንጀለስ ላላችሁ ኤርሊቺር የሚባለው ትንሽ ብርድ ይበቃዋል፤ ነጭ ነው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ ያብባል፣ ሽታውም ግሩም ነው። ስትገዙ ትልልቁንና ጠንካራውን ምረጡ። ተጭኖ ለስለስ የሚለውን ተዉት። ሁለት አፍንጫ፣ ማለትም ሁለት ሹል ጫፍ፣ ያለው ኮረት ካገኛችሁ አትለፉት፤ ሁለት ዘንግ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ሜይ መጨረሻ ላይ ነው። ደረጃዬ ሥር ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። አላፊ አግዳሚው ያላጸዳሁት ነው የሚመስለው። ዛሬ ጠዋት አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ያዝ አደረገኝ። ገና ሥራውን አልጨረሰም። ሳልታገል እሺ ብሎ የሚወጣ ቀን ነው የማነሳው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እሞክረዋለሁ።